ኢትዮ ቴሌኮም እና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፦ ስለ ፉክክራቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሁለቱ ኩባንያዎች ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ ኳስ ቲፎዞነት ይለወጣል። አንዱ የቴሌ ደጋፊ፣ ሌላው የሳፋሪ ደጋፊ ይሆንና ጨዋታው እዚያው ያበቃል። እኛ ግን ኩባንያዎቹ የያዙትን መንገድ እንይ። ገንዘባቸውን የት ያፈሳሉ? ገቢያቸው ከየት ይመጣል? አንዱ ሌላውን የሚፈራው የት ላይ ነው? በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል።

ፉክክሩ መቼ ተጀመረ?

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆየ። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም የቀድሞውን የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተክቶ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ፈቃዱን ማሸነፉ ተነገረ። ድሬዳዋ ላይ በነሐሴ 2014 ሙከራ ተጀመረ። አዲስ አበባ ላይ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱ በይፋ ተከፈተ። 07 የሚል ቁጥር ስልካችን ላይ ማየት የለመድነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥምረቱ ውስጥ እነማን አሉ? ምን ያህልስ ከፈሉ?

ትልቁ ባለድርሻ የኬንያው ሳፋሪኮም ነው። ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ እና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ኢንቨስትመንት ተቋም አብረውት ገቡ። ቆይቶ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲም ባለድርሻ ሆነ።

ለፈቃዱ የቀረበው ዋጋ 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሌላው ተጫራች የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አልተሳካለትም። በዚያ ጨረታ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎ ነበር። የውጭ ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጥ ሕጉ ገና አይፈቅድም ነበር። ሳፋሪኮም ይህን ፈቃድ ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚያም ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በሌላ አነጋገር ማማውና መሣሪያው ሳይቆጠር፣ ለፈቃድ ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። ከዚህ በታች የምናወራው ነገር ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ይያያዛል።

ስትራቴጂያቸው በምን ይለያያል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ነባር ነው፤ ሳፋሪኮም ገና መግባቱ ነው። አብዛኛው ልዩነታቸው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ነባሩ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ገጠር ያለው ገበሬ በአሮጌ የቁልፍ ስልክ የሚደውለው በእሱ ኔትወርክ ነው። ትልቁ ሆቴልም፣ ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም የእሱ ደንበኛ ነው። ስለዚህ የእሱ የቤት ሥራ ያለው ደንበኛ እንዳይወጣ ማድረግና ከያንዳንዱ ደንበኛ የሚያገኘውን ገቢ ማሳደግ ነው። ይህን የሚያደርገው አገልግሎት በመደራረብ ነው። ጥሪ፣ ዳታ፣ የቤት ኢንተርኔት፣ ክላውድ፣ ቴሌብር፣ የስልክ መግዣ ብድር ሁሉ ከአንድ ቤት ይወጣል። አንዴ ደሞዝህ፣ የመብራት ክፍያህና የታክሲ ሂሳብህ በአንድ ቁጥር ላይ ከተሳሰሩ ያንን ቁጥር መጣል ከባድ ነው።

አዲስ ገቢው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊገነባ አይችልም። ስለዚህ መርጦ ይመታል። ሳፋሪኮም መጀመሪያ ያነጣጠረው ስማርት ስልክ የያዘውን፣ ከተማ ያለውን፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የሚያየውን ወጣት ነው። ኔትወርኩን የዘረጋው ከከተማ ወደ ከተማ እየዘለለ ነው። ገቢውም በአብዛኛው ከዳታ ነው። ከጥሪ ብዙም አይጠብቅም፤ ምክንያቱም የምትደውልላቸው ሰዎች አብዛኞቹ 09 ላይ ናቸው።

ይህ መንገድ አንድ ደካማ ጎን አለው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ግን እኩል አይጎዱም። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተዘጋ ጊዜ ኢትዮ ቴሌኮም ቢያንስ ጥሪ ይሸጥ ነበር። ኑሮው ዳታ ላይ ለተመሠረተ ኩባንያ ግን ያ ማለት ሱቅ ዘግቶ ኪራይ መክፈል ነው።

ሳፋሪኮም ኬንያ ውስጥ ኃያል ነው። እዚህ ለምን እንደዚያ አልሆነም?

እኔ በበኩሌ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። መልሱ ስለ ሁለቱም ኩባንያዎች ብዙ ይነግረናል።

ናይሮቢ ላይ ሳፋሪኮም ራሱ «ቴሌ» ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ኤምፔሳን በ1999 ዓ.ም. (በ2007 እ.ኤ.አ.) ጀመረ። ዛሬ ኬንያዊው ደሞዙን የሚቀበለው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ አትክልት የሚገዛው በእሱ ነው። የኬንያ መንግሥትም የኩባንያው ባለድርሻ ነው። ተፎካካሪው ኤርቴል ስለ ሳፋሪኮም የበላይነት ለዓመታት ሲያማርር ኖሯል። ታዲያ እዚያ ሳፋሪኮም የሚሰጠው መልስ ምን መሰላችሁ? እዚህ አገር ነባሩ ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም።

አዲስ አበባ ሲገባ ግን ቦታው ተገለበጠ። እዚህ እሱ ኤርቴል ሆነ። ኬንያ ላይ ያሸነፈበት መሣሪያ፣ ማለትም «ሁሉም ሰው እኔ ጋ ስላለ አንተም እኔ ጋ ና» የሚለው ጉልበት፣ እዚህ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው። የኬንያውን ስኬት አይቶ «እዚህም ይደግመዋል» ብሎ የጠበቀ ሰው የረሳው ይህን ነው። ስሙና ልምዱ ድንበር ተሻግሯል፤ የገበያ የበላይነቱ ግን ናይሮቢ ቀርቷል።

ቴሌብር ወይስ ኤምፔሳ? ማን ቀደመ?

ቀኖቹን ተመልከቱ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም የቴሌኮም ፈቃዱን ማሸነፉ የተነገረው በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ነው። ነባሩ ተፎካካሪው ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ኤምፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተው ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ልዩነት።

በዚያ መሀል ቴሌብር እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚባለውን አነስተኛ ብድር፣ «እንደኪሴ» የተባለውን ሂሳብ ሲያጥር የሚሞላ አገልግሎት እና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አመጣ። ከሁሉም በላይ ግን የጠቀመው ነዳጅ ነው። መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማ ለሚያገኙ ተሽከርካሪዎች ክፍያው በቴሌብር ሆነ። ቀጥሎ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ።

እስቲ አንድ ማደያ ጎራ በሉ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል፤ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ከኋላ ጥሩምባ ይነፋበታል። በመጨረሻ ከ127 መልእክት ይገባል። ስክሪኑን ለቀጂው ያሳያል፤ ቀጂው ቁጥሩን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ መኪናው ይሄዳል። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ ሾፌር ቴሌብርን በማስታወቂያ አይደለም የለመደው። ካልለመደ መኪናው አይንቀሳቀስም ነበር። ስንት ሚሊዮን ብር ማስታወቂያ ቢወጣ እንዲህ ያለ ልምድ አያመጣም።

ኤምፔሳ በልምድ ማንም አይስተካከለውም። አፑ ቀላል ነው፤ ሲገባም ጉርሻ እያደለ ነበር። ግን የሞባይል ገንዘብ ዋጋው በተቀባዩ ነው። ባለሱቁ ከሌለው፣ እናትህ ካልከፈተችው፣ አከራይህ ካላወቀው፣ የቱንም ያህል ቢያምር ስልክህ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። የቴሌብር ተጠቃሚዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ኤምፔሳ ይህን ክፍተት ለመሙላት በየሱቁ እየዞረ አንድ በአንድ መመዝገብ ነበረበት። ሥራው አድካሚ ነው፤ ወጪውም ብዙ።

ማን ምን ያህል ደንበኛ አለው?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሁለቱ የሚቆጥሩት በአንድ ቁና አይደለም።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ደንበኞቼ 83.2 ሚሊዮን ደርሰዋል ብሏል። ይህ ሞባይሉንም፣ መደበኛ ስልኩንም፣ የቤትና የቢሮ ኢንተርኔቱንም ደምሮ ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ የሚያወጣው ባለፉት 90 ቀናት አገልግሎቱን የተጠቀመውን ሰው ነው። በዚህ አቆጣጠር በ2017 ክረምት ላይ 10 ሚሊዮንን ተሻግሯል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ስምንት እጥፍ» ማለት ይቻላል፤ ግን ልኩን አይነግረንም።

በዚያ ላይ የሁለት ሲም ነገር አለ። አብዛኛው ሰው 09ኙን ትቶ አይደለም 07 ያወጣው። ጨምሮ ነው። 09 ለጥሪና ለቴሌብር፣ 07 ለዳታ። ይህ ሰው በሁለቱም መዝገብ ላይ ደንበኛ ሆኖ ይቆጠራል።

ገቢን ለማነጻጸርም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በብር፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ባለው በጀት ዓመት ይዘግባል። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሂሳብ የሚወጣው በእናት ኩባንያው ሪፖርት ውስጥ ነው። እሱም በኬንያ ሽልንግ ነው፤ ዓመቱ የሚዘጋውም በፈረንጆቹ መጋቢት ማብቂያ ላይ ነው። ብሩ ከሽልንጉ አንጻር ሲወድቅ ኩባንያው እዚህ በብር ቢያድግም እዚያ ሪፖርት ላይ ያነሰ መስሎ ይታያል።

ሳፋሪኮም ለምን ይከስራል? ሊወጣ ነው የሚባለውስ?

የቴሌኮም ሥራ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ይበላል። ማማ ተክለህ፣ መሣሪያ ገዝተህ፣ ሠራተኛ ቀጥረህ ነው አንድ ካርድ የምትሸጠው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪሳራ በዕቅዱ ውስጥ ያለ ነው።

በዕቅዱ ውስጥ ያልነበረው የብሩ ውድቀት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ሳፋሪኮም ፈቃዱን የገዛው በዶላር ነው። መሣሪያውንም በዶላር ነው የሚያስመጣው። ካርድ የሚሸጠው ግን በብር ነው። ያ ቁስል ናይሮቢ ድረስ ተሰምቷል፤ የእናት ኩባንያው ትርፍ ላይም አሻራው ታይቷል። ኢትዮ ቴሌኮምም ለመሣሪያ አቅራቢዎች የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ስላለበት ከዱላው አላመለጠም። ልዩነቱ እሱ የሚደገፍበት ሰፊ የብር ገቢ አለው። በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ያስገባ ኩባንያ በ2017 162 ቢሊዮን ብር አስገብቷል።

ሊወጣ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ውሃ አያነሳም። ከ3,000 በላይ ማማ ላይ አገልግሎት የዘረጋ፣ ለፈቃድ ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር የከፈለ ኩባንያ ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ አይቀለውም። ይልቅ ጥያቄው ባለድርሻዎቹ እስከ መቼ ይታገሳሉ የሚለው ነው።

ተፎካካሪ ለተፎካካሪው ማማ ያከራያል እንዴ?

አዎ፣ ያከራያል። ሳፋሪኮም የራሱን ማማ ይተክላል፤ ከኢትዮ ቴሌኮምም ይከራያል። ፋይበርም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጭምር ተከራይቷል። ሕጉ መሠረተ ልማት መጋራትን ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ማማ ጎን ለጎን መትከል የአገር ገንዘብ ማባከን ነው።

ችግሩ ኪራዩ ላይ ነው። ነባሩ ዝቅ አድርጎ ካከራየ ተፎካካሪውን ማሳደጉ ነው። ከፍ ካደረገ ደግሞ አዲሱ «በሩን ዘጉብኝ» ይላል። ሁለቱ ጥቅም እዚህ ላይ በቀጥታ ይጋጫሉ። ከ07 ወደ 09 ሲደወል የሚከፈለው የኔትወርክ ማገናኛ ሂሳብም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምናየው የዋጋ ጦርነት ፊት ለፊት ያለው ነው። ዋናው ትግል በእነዚህ ውሎች ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕዝቡ ግን ስለሱ ብዙም አይሰማም።

ፉክክሩ ዋጋ ቀንሶልናል?

ቀንሶልናል፤ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው ጊዜ አይደለም። ትልቁ ቅናሽ የመጣው ነሐሴ 2010 ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ጥሪም ዳታም ላይ ከ40 በመቶ ባላነሰ ቀነሰ። ያኔ ሳፋሪኮም ገና አልመጣም ነበር። ግን መንግሥት ዘርፉን እንደሚከፍት በዚያው ዓመት አስታውቆ ነበር። ተፎካካሪው ከመድረሱ በፊት ጥላው ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሳፋሪኮም ከገባ በኋላ የተቀየረው ይበልጥ የፓኬጁ ብዛትና የአገልግሎቱ አያያዝ ነው። ጊዜ የማያልቅበት ፓኬጅ፣ የሌሊት ፓኬጅ፣ የተማሪ፣ የሴቶች፣ ምኑ ቅጡ። ከብሩ መዳከም በኋላ ግን ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 መጀመሪያ ታሪፉን ጨምሯል። ሁለት ኩባንያ ብቻ ባለበት ገበያ ወጪ ሲንር አንዱ ሌላውን እያየ ዋጋ ማስተካከሉ የሚጠበቅ ነው።

መንግሥት የአንዱ ባለቤት ሆኖ ፍትሐዊ ዳኝነት ይኖራል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ያለ የመንግሥት ኩባንያ ነው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም የመንግሥት ተቋም ነው። ብዙ አገር በዚህ መንገድ አልፏል። መፈተኛው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አይደለም። የማማ ኪራይ ክርክር ሲነሳ ውሳኔው በስንት ወር ይወጣል? የመንግሥት አገልግሎት ክፍያ ለሁለቱም እኩል ይከፈታል? ነዳጁን ያየ ሰው መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያውቃል።

የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ምን ሆነ?

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። ይህ የኩባንያው 10 በመቶ ነው። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር የያዘ ሰው ቴሌብሩን ከፍቶ ባለድርሻ መሆን ይችል ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተዋል፤ በብር 3.2 ቢሊዮን ገደማ። ከቀረበው አንድ አሥረኛው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮን በስልክ ለገዛ ሕዝብ ትንሽ አይደለም። 30 ቢሊዮን ብር ለጠበቀ ሻጭ ግን ትንሽ ነው።

ሦስተኛ ኩባንያ ይመጣል?

መንግሥት ሌላ ፈቃድ ለመሸጥ ሞክሮ ነበር፤ ገዢ አልተገኘም። የፈረንሳዩ ኦሬንጅም ከኢትዮ ቴሌኮም 45 በመቶ ድርሻ ለመግዛት ሲያንዣብብ ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ሐሳቡን ተወ። ሳፋሪኮም ያየውን ምንዛሪ ያየ ባለሀብት ካልኩሌተሩን ደጋግሞ መምታቱ አይገርምም።

ለእኔ የቱ ይሻለኛል?

የምትኖሩበትን ሰፈር ጠይቁ። አንዱ ሰፈር 07 ይበራል፣ ቀጣዩ ሰፈር ላይ ይጠፋል። ገጠር ቤተሰብ ካላችሁ 09 አይቀርላችሁም። ዳታ በብዛት የምትጠቀሙ ከተሜ ከሆናችሁ ሁለተኛ ሲም ማውጣት አይከፋም። ፓኬጅ ስትገዙ ደግሞ ለሁሉም ኔትወርክ ይሁን ለራሱ ብቻ አስቀድማችሁ አንብቡ። 200 ደቂቃ ገዝቶ ወደ እናቱ ሲደውል «ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ ይህችን መስመር የዘለለ ነው።